የማይበሰብሰው ጀልባ አጥንት፤ ስለ ፋይበርግላስ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች መበስበስና እድሳት አጭር ታሪካዊ ጥናት

ስለ መርከብ ታሪክ የሚጻፉት መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት መርከቢቱ ስትሠራና ወደ ውሃ ስትወርድ፥ አለዚያም ስትሰምጥ የሆነውን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ዘመን፥ ይኸውም እያረጀችና እየተጠገነች የምታሳልፈው ረጅም ዕድሜ፥ ብዙም አይነገርም። በዚህ አጭር ጥናት የምንመለከተው ያንን የተዘነጋውን ዘመን ነው። የመረጥነውም ምሳሌ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የባሕርና የሐይቅ ዳርቻዎች የተስፋፋው፥ ከፋይበርግላስ የተሠራው ትንሹ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ነው። ይህ ጀልባ ከእንጨት ጀልባ ይበልጥ የተወደደበት አንደኛው ምክንያት አይበሰብስም መባሉ ነበር። ሃያና ሠላሳ ዓመት ካገለገለ በኋላ ግን ወለሉ ሲነሣ፥ ከሥሩ የተገኘው እንጨት እንደ ረጠበ አፈር በጣት የሚፈርስ ሆነ። የተባለው ቃል ሐሰት ነበርን? ወይስ ቃሉ እውነት ሆኖ ሳለ ከእርሱ ጋር ሊነገር የሚገባው ሌላ ነገር ቀርቶ ነበር? ጥያቄአችን ይህ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

መበስበስ ለመርከብ ሠሪዎች አዲስ ጠላት አይደለም። በእንግሊዝ የባሕር ኀይል አስተዳደር ስሙ የታወቀው ሳሙኤል ፒፕስ በ1684 ወደ ሥራው ሲመለስ፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት በብዙ ገንዘብ የተሠሩት ሠላሳ የጦር መርከቦች ወደብ ላይ እንደ ታሰሩ ሲበሰብሱ አገኛቸው። በአንዳንዶቹ ሆድ ውስጥ ጡጫ የሚያህል እንጉዳይ በቅሎ እንደ ነበር እርሱ ራሱ ጽፎአል። በ1810 ወደ ውሃ የወረደችው «ኵዊን ሻርሎት» የተባለችው ታላቅ የጦር መርከብም በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ በፈንገስ ስለ ተበላች፥ የዕፀዋትና የእንጉዳይ ዐዋቂ የነበረው ጄምስ ሶወርቢ ሄዶ እንዲመረምራት ተጠርቶ ነበር። በዚያ ዘመን ለነበረው ጥፋት ዋናዎቹ ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ በሚገባ ባልደረቀ እንጨት መሥራትና የመርከቢቱን ሆድ አየር እንዳያገኝ አድርጎ መዝጋት። እነዚህ ሁለት ስሕተቶች ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተመልሰው ሲመጡ እናያለን።

እንጨትን የሚያበሰብሰው ውሃው ራሱ ሳይሆን በውስጡ የሚያድግ ፈንገስ ነው። ፈንገሱ ምግብ፥ አየር፥ መጠነኛ ሙቀትና እርጥበት ይፈልጋል፤ ምግቡ እንጨቱ ነው። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቁ እንጨት ክብደት ጋር ሲነጻጸር ከመቶ 20 በታች ከሆነ እንጨቱ በደኅና ይኖራል፤ ከመቶ 30 ገደማ ሲደርስ ግን ለፈንገሱ የተመቸ ማሳ ይሆናል። ቡናማ መበስበስ የሚባለው ዐይነት ሴሉሎዙን በልቶ ሊግኒኑን ስለሚተው፥ የተረፈው እንጨት ጠቍሮ እንደ ትናንሽ ጡብ ይሰነጣጠቃል። በውሃ ውስጥ ጨርሶ የጠለቀ እንጨት አየር ስለሌለው በዚህ መንገድ አይበሰብስም። ጨው ያለበት የባሕር ውሃም ፈንገሱን ይገታዋል። ስለዚህ፥ ለሰሚው ቢያስገርምም፥ የባሕር ጀልባን እንጨት ከባሕሩ ይልቅ የሚያጠፋው ከሰማይ የሚወርደው ዝናም ነው። አንባቢው ይህን ነጥብ እንዲያስታውስ እንለምናለን።

ወደ ፋይበርግላስ እንለፍ። በ1932 በኦዌንስ-ኢሊኖይ የብርጭቆ ኩባንያ የሚሠራ ዴል ክላይስት የተባለ ወጣት ተመራማሪ የብርጭቆ ጡቦችን እርስ በርስ ለማያያዝ ሲሞክር፥ የታመቀው አየር የቀለጠውን ብርጭቆ በትኖ እንደ ጥጥ የቀጠነ ጭረት አደረገው። የፈለገው ነገር አልሆነለትም፤ ያልፈለገው ግን ኢንዱስትሪ ሆነ። በጌምስ ስሌይተር መሪነት ሥራው ተሻሽሎ በ1938 ኦዌንስ-ኮርኒንግ ፋይበርግላስ የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ። ብርጭቆው ብቻውን ግን ጨርቅ እንጂ ጀልባ አይሆንም። ጨርቁን አጥግቦ የሚያደርቀው ሙጫ፥ ማለትም ፖሊስተር ሬዚን፥ ካርልተን ኤሊስ በ1930ዎቹ ባስመዘገባቸው ፈጠራዎች መሠረት ተዘጋጀ። ሁለቱ ተገናኝተው በ1942 ሬይ ግሪን የተባለ ጀልባ ሠሪ በኦሃዮ በቶሌዶ ከተማ ከፋይበርግላስና ከፖሊስተር ትንሽ ጀልባ ሠራ። የፋይበርግላሱ ኩባንያ መቀመጫም ይህችው ከተማ ነበረችና ነገሩ አያስደንቅም። ከጦርነቱ ማብቃት በኋላ የአሜሪካ ባሕር ኀይል 28 ጫማ የሚረዝሙ የሰው ማመላለሻ ጀልባዎችን ከዚሁ ነገር አሠራ።

አሠራሩን በአጭሩ እንግለጸው። በመጀመሪያ የጀልባውን ውጫዊ መልክ የሚሰጥ ፎርማ ይዘጋጃል። ሬዚኑ እንዳይጣበቅ ፎርማው በሰም ይታሻል፤ በላዩ ቀለሙን የያዘው ስስ ሽፋን ይቀባል፤ ከዚያም የብርጭቆው ጨርቅ በሬዚን እየራሰ ድርብ በድርብ ይነጠፋል። ሬዚኑ ሲደርቅ ቀፎው ከፎርማው ይወጣል። አንዱ ፎርማ ብዙ ጀልባ ያወጣል፤ ሥራውም ዕድሜውን ሁሉ ሙያውን የተማረ ዐናጢ አይፈልግም። የእንጨት ጀልባን ያሸነፈውም፥ በእኛ አስተያየት፥ ከአለመበስበሱ ይልቅ ይህ ርካሽነቱ ነው።

በ1958 ሪቻርድ ፊሸር «ቦስተን ዌለር» የተባለውን 13 ጫማ ጀልባ ለገበያ አቀረበ። በ1959 በኒው ዮርክ የጀልባ ትርኢት ላይ የፒርሰን ወንድማማቾች «ትራይተን» የተባለው 28 ጫማ የሸራ ጀልባ ታየ። ዓሣ ለማጥመድ ለሚወጡት ግን ከሁሉ የሚበልጠው የ1960 ዓመት ነው። ዊሊስ ስሌን በሰሜን ካሮላይና በሃይ ፖይንት ከተማ፥ ከባሕር ርቃ በምትገኝና በቤት ዕቃ ሥራ በታወቀች ከተማ፥ በኬፕ ሃተራስ ያለውን ክፉ ማዕበል የሚችል 41 ጫማ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ከፋይበርግላስ አሠራ። ንድፉን ያወጣው ጃክ ሃርግሬቭ ነው። ያን የሚያህል ትልቅ ጀልባ ከዚህ ነገር መሠራቱን ብዙዎች ይጠራጠሩ ነበር። በዚያው ዓመት ከማያሚ እስከ ናሶ በተደረገው እሽቅድምድም በማዕበል መካከል ያሸነፈው የሪቻርድ በርትራም «ሞፒ» ደግሞ የእንጨት ጀልባ ነበር። ከድሉ በኋላ በእርሱ መልክ ፎርማ ወጥቶ የታወቀው የ31 ጫማ የፋይበርግላስ ጀልባ ተሠራ። እንጨት ለሚተካው ነገር መልኩን ሰጥቶ ከመድረክ ወረደ ለማለት ይቻላል፤ ነገር ግን አልወረደም። ከወለሉ ሥር ተደበቀ እንጂ።

የተደበቀበትን ምክንያት ለመረዳት የቀፎውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ፋይበርግላስ ቢስቡት አይበጠስም፤ ነገር ግን ስስ ሆኖ ሲሠራ ይለምጣል። የአንድ ሰሌዳ ውፍረት እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ያድጋል፤ ክብደቱና ዋጋው ግን አብረው ይወጣሉ። ስለዚህ ሠሪዎቹ ቀፎውን ከማወፈር ይልቅ አጥንት መስጠትን መረጡ። በሆዱ ርዝመት ከፊት እስከ ኋላ የሚሄዱ ወራጆች፥ በወርዱ የሚጋደሙ አግዳሚዎች፥ በላያቸው የኮምፔርሳቶ ወለል፤ ከኋላ ደግሞ ሞተሩ የሚንጠለጠልበት ወፍራም ግድግዳ፤ ይህ ሁሉ እንጨት ነበር። የኋላው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ሁለት የኮምፔርሳቶ ሰሌዳ ተጣብቆ 38 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ነው። በአንዳንዶቹም ዘንድ የላይኛው መሸፈኛ ከኢኳዶር በሚመጣው ቀላል የባልሳ እንጨት ተሞልቶ ነበር። እንጨቱ በሙሉ በፋይበርግላስ ተጠቅልሎ ስለማይታይ፥ ጀልባውን የሚገዛው ሰው ከመስታወትና ከሙጫ በቀር ምንም የለበትም ብሎ ያምን ነበር።

መጠቅለሉ እንጨቱን ከውሃ የሚጠብቀው ይመስል ነበር። የሆነው ግን የተገላቢጦሹ ነው። ወለሉ ላይ መቀመጫ ለማሰር፥ በኋላው ግድግዳ ላይ ሞተር ለማንጠልጠል፥ ለመብራቱና ለመሰላሉ ሁሉ ቀዳዳ ይበሳል። በወራጆቹ ሥር ውሃ እንዲያልፍ የሚቈረጡት መተላለፊያዎችም ብዙ ጊዜ ጠርዛቸው እንዳገጠጠ ይቀር ነበር። ዝናም በነዚህ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። በጣና ሐይቅ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ታንኳው ውሃ ሲጠጣ ወደ ዳር አውጥቶ በፀሐይ ያደርቀዋል። በፋይበርግላስ የተጠቀለለ እንጨት ግን ዳር ላይ አንድ በጋ ቢቆምም አይደርቅም። ፖሊስተር ሬዚንም በሚደርቅበት ጊዜ ስለሚኮማተርና ከእንጨት ጋር ያለው ጥምረት ደካማ ስለሆነ፥ ከዓመታት ንዝረት በኋላ ይላቀቅና በመካከሉ ለውሃው መንገድ ይከፍታል።

በዚህ ላይ የሕግ ነገር ተጨመረ። በ1971 በአሜሪካ የጀልባ ደኅንነት ሕግ ወጣ፤ በዚያም መሠረት ከ20 ጫማ የሚያንሱ ጀልባዎች ውሃ ቢሞሉ እንኳ እንዳይሰምጡ የሚያዝዙ ደንቦች ተከተሉ። ደንቡ መልካም ነው፤ የብዙ ሰው ሕይወት የሚያድን ነው። ሠሪዎቹ ግን የፈጸሙት ከወለሉ ሥር ባለው ክፍት ቦታ አረፋ በማፍሰስ ነበር። አረፋው ከወራጆቹ ጋር ተጣብቆ ሲኖር የገባው ውሃ ወደ መፍሰሻው እንዳይወርድ ያግደዋል፤ እየቆየም እርሱ ራሱ ውሃ ይጠጣል። በዚህ ሁኔታ ሰውን ከመስጠም ለማዳን የገባው ነገር የጀልባውን አጥንት ከእርጥብ ጨርቅ ጋር እንደ መጠቅለል ሆነ። በሌላ በኩል ሞተሮቹ እየከበዱ ሄዱ። በ1962 የመርኩሪ ኩባንያ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር አወጣ፤ እንዲህ ያለውን ኀይል የሚሸከመው ያው የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው።

እዚህ ላይ በባለሙያዎች መካከል ያለውን ክርክር መጥቀስ ይገባል። አንዳንዶቹ እንጨቱ የፋይበርግላሱ ፎርማ ብቻ ነው፤ ቢበሰብስም በላዩ የተጠቀለለው መስታወት እንደ ባዶ ሣጥን ሆኖ ጭነቱን ይሸከማል ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ እንጨቱ ከጠፋ አጥንቱ ጠፋ ይላሉ። ሁለቱም ስለ አንድ ጀልባ የሚናገሩ አይመስለንም። መጠቅለያው ወፍራም በሆነበት ጀልባ የመጀመሪያዎቹ እውነት አላቸው። መጠቅለያው ስስ ሆኖ ሁለት ድርብ ብቻ በሆነበት ግን፥ ጐኖቹ የቆሙት በእንጨቱ ስለሆነ፥ እንጨቱ ሲሟሽሽ ሣጥኑ ይጨማደዳል። የኋላው ግድግዳ ጉዳይ ግን አያከራክርም። በዚያ ቦታ የሞተሩ ብሎኖች ሁለቱን ቆዳዎች እርስ በርስ ስለሚያጣብቁ፥ መካከሉ ከለሰለሰ ብሎኑ በጠበቀ ቍጥር ቆዳው ወደ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ወደ ኋላ ማዘንበል ይጀምራል። ዓሣ አጥማጁ በክፍት ባሕር ላይ ሳለ ግድግዳው ቢለቅ የሚያጣው ሞተሩን ብቻ አይደለም።

የእድሳቱ ሥራ የሚጀምረው በጆሮ ነው። ጠጋኙ በትንሽ መዶሻ ወለሉንና ግድግዳውን እየቈረቈረ ይሄዳል፤ ደኅናው ቦታ ጠንከር ያለ ድምፅ ሲሰጥ የበሰበሰው ደንቆሮ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ በውስጥ በኩል በትራፓኖ ቀጭን ቀዳዳ እየበሳ የሚወጣውን ፍቅፋቂ ይመለከታል። ነጭና ደረቅ ከሆነ መልካም ነው፤ ጥቁር ሆኖ የእንጉዳይ ሽታ ካለው ግን ነገሩ አብቅቶአል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ባለቤቱ አንድ ክንድ የሚያህል ወለል ለመለወጥ ይጀምርና ብስባሹን ሲከተል ጀልባውን በሙሉ ከፍቶ ማግኘቱ ነው።

ከመቍረጥ በፊት መደረግ ያለበት ትልቁ ነገር ቀፎውን ከሥር በብዙ ቦታ መደገፍ ነው። አጥንቱ ሲወጣ ቀፎው እንደ ባዶ ስልቻ ይለጠጣል፤ በዚያ ሁኔታ ሳለ አዲስ አጥንት ከገባበት የተጣመመው መልክ ለዘለዓለም ይቀራል። ጠማማ ሆድ ያለው ጀልባ ደግሞ በፍጥነት ሲሄድ አይታዘዝም። ስለዚህ ጥንቁቅ ሠራተኛ ወራጆቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አያወጣም፤ አንዱን አውጥቶ ሳይተካ ሌላውን አይነካም። ከፍታቸውንም በክር ለክቶ ይጽፋል፤ ወለሉና ሞተሩ የሚቀመጡት በዚያ ልክ ነውና።

የበሰበሰው እንጨት በመሮና በእጅ ይወጣል፤ አንዳንድ ጊዜ በአካፋ ሲወጣም ታይቷል። ቀሪው ቀፎ ንጹሕ መስታወት እስኪታይ ድረስ ይሞረዳል። ከሥራው ሁሉ የሚጠላው ይህ ነው፤ የብርጭቆው ብናኝ ቆዳን ያሳክካል፥ ለሳንባም መልካም ስላልሆነ ያለ ጭምብል አይሠራም። (እኛ አገር ዐናጢዎች «የብርጭቆ ወረቀት» የሚሉት መፋቂያ እዚህ ብርጭቆን ራሱን ይፍቃል።) አዲሱ እንጨት በካርቶን ልኬት ተቈርጦ፥ ሁሉም ጐኑ አስቀድሞ በሬዚን ተቀብቶ፥ በወፈረ ሙጫ ላይ ይቀመጣል። እንጨቱ በቀጥታ ቀፎውን መንካት የለበትም፤ ከነካው በዚያ መስመር ላይ ቀፎው በማዕበል ሲለምጥ ይሰነጠቃል። ማእዘኑም እንደ ስቱኮ በወፈረ ሙጫ ይሞላና ክብ ይደረጋል፥ የብርጭቆው ጨርቅ በሹል ማእዘን ላይ ሳይነፋ መታጠፍ አይችልምና። ከዚያ ጨርቁ ድርብ በድርብ ሲለጠፍ ጠርዞቹ በአንድ ቦታ እንዳያልቁ ደረጃ ደረጃ እየተደረጉ ይወርዳሉ። የተቈረጠ ቆዳ ሲጋጠምም ጠርዙ ከውፍረቱ 12 እጥፍ በሚሆን ስፋት ይሰላል፤ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ቆዳ 72 ሚሊሜትር ማለት ነው። ይህ ብዙ የሚመስለው ሰው አዲሱ ሙጫ ከአሮጌው ጋር በኬሚካል እንደማይዋሐድ፥ የሚይዘው በስፋቱ ብቻ እንደ ሆነ መገንዘብ አለበት።

ይህ ዐይነቱ እድሳት ለተራ ሰው የሚቻል የሆነው በኢፖክሲ ምክንያት ነው። ኢፖክሲ በስዊዝ ሰው በፒየር ካስታንና በአሜሪካዊው በሲልቫን ግሪንሊ እጅ የተገኘ ሬዚን ነው፤ ከፖሊስተር ይልቅ እንጨትን አጥብቆ ይይዛል፥ ሲደርቅም እምብዛም አይኮማተርም። በጀልባ ሥራ እንዲታወቅ ካደረጉት መካከል ግንባር ቀደም የሆኑት በሚሺጋን በቤይ ሲቲ ከተማ ይሠሩ የነበሩት የጉጀን ወንድማማቾች ናቸው። በ1969 ኩባንያቸውን አቋቁመው እንጨትን በኢፖክሲ የማጥገብን ዘዴ አስፋፉ፤ በ1979ም ስለ ጀልባ አሠራር ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ልብ ይባል፤ እነርሱ የተነሡት የእንጨት ጀልባን ለመሥራት እንጂ የፋይበርግላስ ጀልባን ለማደስ አልነበረም። ለእንጨት ተቈርቋሪ የሆኑ ሰዎች ያዘጋጁት ሙጫ የእንጨት ጠላት ነው የተባለውን ጀልባ ከሞት አዳነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ፋይበርግላሱ አይበሰብስም የተባለው እውነት ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሆነው ቀፎ ተሞርዶ ሲታይ መስታወቱ ብዙ ጊዜ እንደ ጥንቱ ነው። ሐሰት የሆነው ስለ ቆዳው የተነገረው ቃል ለጀልባው በሙሉ መሰጠቱ ነው። ጥፋቱንም በእንጨቱ ላይ መጫን ትክክል አይመስለንም፤ ኮምፔርሳቶው በሚገባ ከታሸገ ረጅም ዘመን እንደሚኖር በተግባር ታይቷልና። ጥፋቱ እንጨቱን እንደማይታይ ነገር መቍጠር ነው፤ የማይታይ ነገር ማሸጊያም አየርም አይሰጠውምና።

ፕሉታርክ ስለ ቴሴዎስ መርከብ ሲጽፍ፥ አቴናውያን የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ አዲስ ስለ ተኩበት ፈላስፎች መርከቢቱ ያችው ናት ወይስ ሌላ እያሉ ይከራከሩ እንደ ነበር ይነግረናል። በእንጨት መርከብ ቆዳውም አጥንቱም በየጊዜው ስለሚለወጥ ክርክሩ ከባድ ነበር። በፋይበርግላሱ ጀልባ ግን ቆዳው ይቀራል፥ አጥንቱ ብቻ ይለወጣል፤ ጠጋኞች ይህን ሲጠየቁ ጀልባው ያው መሆኑን ያለ ማመንታት ይናገራሉ። ለመጣል ከፈለጉም መጣያው ችግር ነው። አይበሰብስምና አፈር አይሆንም፥ አይቀልጥምና ሌላ ነገር አይሆንም። ፈረንሳይ ያረጁ ጀልባዎችን አፍርሶ የሚያስወግድ አገር አቀፍ ሥርዓት በ2019 ሥራ እስክታስጀምር ድረስ፥ ብዙዎቹ በየወንዙ አፍና በየግቢው ጀርባ ተጥለው ይቀሩ ነበር። ስለዚህ አጥንቱን መለወጥ ለድኻው ዓሣ አጥማጅ ከአዲስ ጀልባ ርካሽ ከመሆኑም ሌላ፥ የማይጠፋ ቆሻሻ አንድ ትውልድ እንዲያገለግል ማድረግ ነው።

የመጨረሻው ሥራ መቀመጫውንና ሞተሩን መልሶ ማሰር ነው። ጠንቃቃው ጠጋኝ ለእያንዳንዱ ብሎን መጀመሪያ ሰፊ ቀዳዳ ይበሳል፤ ቀዳዳውን በኢፖክሲ ሞልቶ እስኪደርቅ አንድ ቀን ይጠብቃል፤ በማግስቱ በደረቀው ኢፖክሲ መካከል ቀጭኑን ቀዳዳ ይበሳል። እንዲህ ሲሆን ብሎኑ እንጨቱን ጨርሶ አይነካውም። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ጀልባውም ተቀብቶ አምሮ ቆሞአል፥ የዓሣውም ወራት ደርሶአል፤ ስለዚህ ብዙዎች ይህን አንድ ቀን ሳይጠብቁ ብሎኑን በቀጥታ በአዲሱ እንጨት ውስጥ ያሽከረክሩታል።